ነገር ከሥሩ፤ ስለ ጣና ሐይቅ ቁጥሮችና ካርታዎች የቀረበ ሒስ

፩. መግቢያ

ስለ ጣና ሐይቅ የተጻፈውን ለሚያገላብጥ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያስቸግረው የቁጥር እጥረት ሳይሆን የቁጥር ብዛት ነው። ሐይቁ በአንዱ መጽሐፍ ከባሕር ጠለል በላይ 1,830 ሜትር፣ በሌላው ደግሞ 1,785 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። የውሃው ስፋት በአንዱ ዘንድ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሌላው ዘንድ ከ3,600 ይበልጣል። የደሴቶቹም ቁጥር እንደ ጸሐፊው ይለያያል። እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሁሉ መካከል መጀመሪያ እጃችን የገባውን አንሥተን በጥናታችን የፊት ገጽ ላይ እናሰፍርና «አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ» እንላለን። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው ግን ከዋናው ጉዳይ እኩሌታው በዚያ ባለፍነው ገጽ ላይ ተኝቶ የቀረ መሆኑን ነው።

አንድ ልኬት ሙሉ እንዲሆን አራት ነገሮች ያስፈልጉታል። እነርሱም ቁጥሩ፣ የተለካበት መስፈሪያ፣ ልኬቱ የተጀመረበት መነሻ፣ እንዲሁም የተለካበት ጊዜ ናቸው። ቁጥሩን ሁሉም ይጽፋል፤ መስፈሪያውን ብዙዎች ይጽፋሉ፤ መነሻውንና ጊዜውን የሚጽፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። በእኛ አስተያየት ስለ ጣና የሚነገሩት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው የሚጋጩት ከለኪዎች ስሕተት ብቻ የተነሣ አይደለም፤ ከገልባጮች ዝምታ የተነሣም ጭምር ነው። ከገልባጮቹም መካከል ራሳችንን እንቈጥራለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድመን መናገራችን ራሱ ላነሣነው ነገር ምሳሌ ይሆናል፤ መነሻው ያልተነገረ ዓመት አንባቢውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያሳስተዋልና።

፪. ስለ ከፍታ

በ1,830 እና በ1,785 መካከል ያለው ልዩነት 45 ሜትር ነው። ይህ ልዩነት ለተራራ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ለጣና ግን ብዙ ነው። የሐይቁ ጥልቀት እጅግ ጠለቅ ባለበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የሐይቁን ጥልቀት ከሦስት እጥፍ በላይ ያህላል። አሁን አንድ ተማሪ የሐይቁን ከፍታ ከቀድሞው መጽሐፍ፣ የባሕር ዳርን ከተማ ከፍታ ደግሞ ከአዲሱ ወስዷል እንበል። የከተማው ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ተማሪ ጽሑፍ ውስጥ እንግዲህ ባሕር ዳር ከነዘንባባዋ በ30 ሜትር ውሃ ሥር ትቀመጣለች። ሁለቱም ቁጥሮች ከታተመ መጽሐፍ የተወሰዱ ስለ ሆኑ ግን ማንም አያርማቸውም።

የቀድሞው ቁጥር እንዲህ ሊርቅ የቻለበት ምክንያት ለምድር ጥናት ተማሪ አስተማሪ ነው። 6,000 ጫማ ወደ ሜትር ሲለወጥ 1,828.8 ይሆናል። 6,000 ጫማ የሚለውን የሚያነብ ሰው ቁጥሩ የተጠጋጋ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ ሦስቱ ዜሮዎች ይነግሩታልና። 1,829 ሜትር የሚለውን የሚያነብ ግን እስከ አንድ ሜትር ድረስ በጥንቃቄ የተለካ ይመስለዋል። መስፈሪያውን መለወጥ ያልነበረውን ጥራት ፈጥሮለታል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥር በምንለውጥበት ጊዜ ከመነሻው ይልቅ የጠራ እንዳናስመስለው መጠንቀቅ ይገባናል።

በተጨማሪም የቀድሞ መንገደኞች ከፍታን የሚያውቁት በአብዛኛው በአየር ግፊት መለኪያ ወይም ውሃ አፍልተው ሙቀቱን በመለካት ነበር። በጣና ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቍጥር የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ዝቅ ስለሚል፣ ቴርሞሜትሩ በ0.15 ዲግሪ ቢሳሳት ከፍታው በ45 ሜትር ይሳሳታል። የአየር ግፊት መለኪያውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በእኛ ዓይነቱ አገር ግፊቱ በየቀኑ ከጧት እስከ ማታ በሦስት ሚሊባር ያህል ይወጣል ይወርዳል፤ በጣናም ከፍታ አንድ ሚሊባር ወደ 10 ሜትር ይመነዘራል። ስለዚህ ያው ሰው በያው ስፍራ ጧት ሌላ ከፍታ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ከፍታ ሊያገኝ ይችላል። መንገደኞቹ በዚህ አይወቀሱም፤ የነበራቸው መሣሪያ ያ ነበርና። የሚወቀሰው የተሻለ ልኬት ከተገኘ በኋላ አሮጌውን ያለ ማስጠንቀቂያ የሚገለብጥ ነው።

፫. ስለ ቦታና ስለ ቈጠራ

የጣናን ካርታ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የውጭ አገር መንገደኞችን ስም በተርታ ያሰፍራሉ። እኛም የእነርሱን ድካም አንክድም። ነገር ግን ኢዮብ ሉዶልፍ በ1683 ያወጣው የኢትዮጵያ ካርታ የተሠራው ጸሐፊው ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ ነው። ካርታው የተመሠረተው ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በተዉት ጽሑፍ ላይ ሲሆን፣ ሉዶልፍ ስለ አገሩ ካወቀው ብዙውን የነገረው ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ነው፤ እርሱንም በ1649 በሮማ አግኝቶት፣ በ1652 ደግሞ በጀርመን አገር በጎታ አብረው ሠርተዋል። እንግዲህ ከካርታው በስተጀርባ አገሩን የሚያውቅ ያገር ሰው ቃል እንዳለ ልብ ማለት ይገባል።

የስኮትላንዱ ጀምስ ብሩስ በኅዳር ወር 1770 ወደ ግሼ ዓባይ ደርሶ የምንጩን ቦታ በመሣሪያ ለክቷል። ያገኘው ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ሲሆን፣ ይህ ዛሬ ከሚታወቀው ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። ኬንትሮሱን ግን 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ አደረገው፤ ትክክለኛው 37 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ አልፎ ይገኛል። ስለዚህ ምንጩ በካርታው ላይ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ሸሽቷል። ያው ሰው፣ በያው ስፍራ፣ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን እንዴት ሳተ? ኬክሮስ ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ በቀጥታ ይገኛል። ኬንትሮስ ግን የሁለት ቦታዎችን ሰዓት ማወዳደርን ይጠይቃል። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር አንድ ዲግሪ የ4 ደቂቃ ሰዓት ነው፤ በዚያም አገር አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 109 ኪሎ ሜትር ያህላል። እንግዲህ በሰዓት ላይ የተፈጸመች የአንድ ደቂቃ ስሕተት በምድር ላይ 27 ኪሎ ሜትር ትሆናለች። የብሩስም ስሕተት ሲመነዘር ከዚህች ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይርቅም።

በመሣሪያው ይህን ያህል የተራቀቀው ብሩስ በደሴቶቹ ቈጠራ ላይ ግን ፍርዱ ተዛብቷል። ያገሩ ሰዎች የሚኖርባቸው ደሴቶች 45 ናቸው ብለው ቢነግሩት ውሸታሞች ናቸው ብሎ ጻፈ፤ እርሱ ራሱም በግምት 11 ቢሆኑ ነው አለ። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የደሴቶች ቁጥር 37 ነው። ለብሩስም ለያገሩ ሰዎችም ሳናዳላ ብንፈርድ፣ ልዩነቱ ያለው «ደሴት» በሚለው ቃል ላይ ነው። በክረምት ማብቂያ በውሃ የተከበበች ጉብታ በግንቦት ከየብስ ጋር ትገናኛለች፤ ሰው የሚኖርባትና መነኵሴ ብቻ የሚጸልይባትም እኩል ላይቈጠሩ ይችላሉ። ከመቍጠር በፊት ምን እንደሚቈጠር መወሰን ይገባ ነበር። ያም ሆኖ በታንኳ ከደሴት ደሴት ሲመላለሱ የኖሩት ሰዎች ቁጥር፣ ከመሣሪያ ባለቤቱ ግምት ይልቅ ዛሬ ለሚነገረው ይቀርባል።

ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማን በ1936 ያሳተመው መጽሐፍ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶቹን እየዞረ ጐብኝቷል፤ የቦታ ስሞችንም ከሰዎች አፍ እየጠየቀ መዝግቧል። ሊለካ የሚገባውን ሄዶ መለካት፣ ሊጠየቅ የሚገባውንም መጠየቅ ለእኛ መልካም ምሳሌ ነው።

የቦታ መነሻ ጉዳይ ዛሬም አልተዘጋም። ከ1957 እስከ 1961 በዓባይ ተፋሰስ በአሜሪካ ቀያሾች የተካሄደው የሦስት ማዕዘን ቅየሳ መነሻውን ያደረገው በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ በኑብያ ምድር በነበረው በአዲንዳን ላይ ነው። የአገራችን ካርታዎች ለብዙ ዓመታት የተሠሩት በዚሁ መነሻ ነው። በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው የሳተላይት መለኪያ ግን በሌላ መነሻ ይሠራል፤ በሁለቱም መካከል ያለው ልዩነት በአገራችን 200 ሜትር ያህል ነው። አንድ ተማሪ በደብረ ማርያም ደሴት ዳር ቆሞ ከስልኩ ያገኘውን ቁጥር በአሮጌው ካርታ ላይ ቢያሰፍር፣ እግሩ ደረቅ ሆኖ ሳለ ራሱን ሐይቅ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ካርታውም ስልኩም አልዋሹም፤ የተነሡበት ቦታ ግን የተለያየ ነው።

፬. ስለ ዳርቻው መስመር

በካርታ ላይ ጣና በአንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ተከቦ ይታያል። መስመሩ ሐይቁ ሁልጊዜ እንዲሁ የነበረና እንዲሁ የሚኖር ያስመስለዋል። የምድር ጥናት የሚነግረን ግን ሌላ ነው። የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ወደ ደቡብ የሚወርደውን ውሃ ስለ ዘጋው ሐይቁ ተጠራቀመ፤ ከወለሉ ሥር የተወሰደው ደለል ሲመረመር ደግሞ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ እንደ ነበር ተረጋግጧል። ይህን ያህል ወደ ኋላ ሳንሄድም፣ ሐይቁ በየዓመቱ ይወጣል ይወርዳል። በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ በተለመደው ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው።

አንድ ሜትር ተኩል በገደል ዳር ምንም አይደለም። ነገር ግን በምሥራቅ ርብና ጉማራ የሚገቡበትን የፎገራን ሜዳ፣ በሰሜንም መገጭ የሚገባበትን የደምብያን ሜዳ እናስብ። በ1,000 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ ዝቅ የሚል ሜዳ ላይ፣ ውሃው አንድ ሜትር ተኩል ሲነሣ ዳርቻው 1,500 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። በ1፡50,000 መስፈርት በተሠራ ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ስለ ሆነ፣ ይህ እንቅስቃሴ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። መስመሩ ግን የተሣለው በአንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ውፍረት ነው! ከዚህም በላይ በእነዚሁ ካርታዎች ላይ የከፍታ መስመሮች የሚሠመሩት በየ20 ሜትሩ ነው። ስለዚህ ጎርፍ የሚተኛበትና የማይተኛበት መሬት በካርታው ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ ይታያል። በ2006 ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል፤ ውሃው የሄደበትን መንገድ ግን በየ20 ሜትሩ የተሠመረ ካርታ አስቀድሞ ሊያሳይ አይችልም ነበር።

የአየር ፎቶግራፍም የሚነሣው ደመና በሌለበት በበጋ ነው። እንግዲህ የካርታው ዳርቻ የክረምቱ ሙላትም፣ የግንቦቱ ጉድለትም አይደለም፤ በመካከል ያለ የአንድ ቀን ዳርቻ ነው። ሐይቁ ሲጐድል ብቅ የሚለውን መሬት ያገሩ ገበሬ «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ ዘርቶ ያጭድበታል። ይህ መሬት በካርታው ላይ ወይ ሐይቅ ነው ወይ የብስ ነው። ለገበሬው ግን በስድስት ወር ሐይቅ፣ በስድስት ወር እርሻ ነው። ካርታ ሠሪው ለእንዲህ ያለው መሬት ምልክት ካላበጀ፣ በካርታው የሚፈርደው ሹም ወይም ዳኛ ገበሬውን ወይ ከመሬቱ ያስወጣዋል፣ ወይ ውሃ የሚገባበትን የዘለዓለም እርሻ ያደርግለታል። ቋንቋው ለነገሩ ስም ከሰጠው ካርታው ምልክት የሚነፍገው ለምንድን ነው?

፭. ስለ ስፋትና ስለ ውሃው መጠን

የሐይቁ ስፋት 3,000 ነው ወይስ 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው የሚለው ክርክር የመጻሕፍት ቤት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምንበት ነበር። ነገር ግን ስፋቱን በከፍታ ብናባዛው የውሃ መጠን ይወጣል። በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሜትር ውሃ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ በ3,600 ላይ 3.6 ቢሊዮን ይሆናል። የ600 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ የሚይዘው 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ስለ ሆነ፣ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል የጠፋው ውሃ ሰባት የቆጋ ግድቦችን ይሞላል።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ የጨረጨራ ግድብ ከ1996 ጀምሮ የሐይቁን ውሃ ይቈጣጠራል። ግድቡ የሚሠራው በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል ነው፤ ይኸውም በሦስት ሜትር ክልል ውስጥ ነው። በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከዚሁ ሐይቅ ይቀዳል። ትልልቅ ጀልባዎች በደኅና ለመሄድ ውሃው ከ1,785 በታች እንዳይወርድ ይፈልጋሉ። በ2003 ሐይቁ ከዚያ በታች ወርዶ የጀልባ ጉዞ ለወራት ተቋርጧል።

እነዚህን ቁጥሮች ከላይ ከተናገርነው ጋር እናስተያያቸው። ኃይል አመንጪው፣ ጀልበኛው፣ ዓሣ አጥማጁና የባሕር ሸሽ ገበሬ የሚከራከሩት በሦስት ሜትር ውስጥ ነው። መጻሕፍቱ ግን በ45 ሜትር እየተለያዩ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተስማምተው ይኖራሉ። የሳተላይት መሣሪያ በመጀመሪያ የሚሰጠውም ከፍታ ከሒሳባዊው የምድር ቅርጽ እንጂ ከባሕር ጠለል የሚነሣ ስላልሆነ፣ ሳይታረም ከሐይቁ መለኪያ ጋር ቢቀላቀል አዲስ ጠብ ይፈጥራል። እያንዳንዱ ሜትር የአንድ ሰው እንጀራ በሆነበት ስፍራ መነሻውን አለመናገር ቸልታ ብቻ ነው ለማለት አንችልም።

፮. ያገር ልኬትና ማጠቃለያ

አንዳንድ ጓደኞቻችን የዚህ ሁሉ መድኃኒት ያገሩን ልኬት ጨርሶ መተው ነው ይላሉ። ጥማድ፣ ክንድና የቀን መንገድ ወጥነት የላቸውም ይባላል። ወጥነት እንደሚጐድላቸው እኛም እንቀበላለን። ነገር ግን ጥማድ የሚለካው አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰውን ነው፤ በጥቍር መረሬና በቀይ አፈር ላይ ቢለያይ የሚነግረን የሥራውን ክብደት ነው። ሜትር ራሱስ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፈረንሳይ አገር ሲወለድ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት አንድ አሥር ሚሊዮንኛ እንዲሆን ታስቦ አልነበረምን? ዛሬ ብርሃን በ1/299,792,458 ሰከንድ የሚሄደው ርቀት ተብሎ የተወሰነው በ1983 ነው። ልኬት ሁሉ መነሻ አለው፤ የሜትር ብልጫ መነሻው በግልጽ ተነግሮ ሰው ሁሉ የተስማማበት መሆኑ ነው። የታንኳው ቀዛፊም ዘንጉን ወደ ውሃው ሰድዶ ጥልቀቱን ሲያውቅ፣ መነሻው በእጁ የያዘው የውሃው ገጽ፣ ጊዜውም ያችው ሰዓት ናት። ቁጥሩን ከእኛ አንዳንዶቹ ይልቅ በሙሉ ያውቀዋል።

ሌሎች ደግሞ ይህ ጥቃቅን ነገር ነው፣ ተማሪ በትልቁ ሐሳብ ላይ ቢያተኵር ይሻለዋል ይሉናል። ለእነዚህ የምንሰጠው መልስ ሐሳቡ የሚቆመው በቁጥሩ ላይ ነው የሚል ነው። ስለ ሐይቁ መጐደል የሚጽፍ ሰው ሐይቁ ከየት ወዴት እንደ ጐደለ ካልተናገረ፣ ትልቁ ሐሳቡ ልቅሶ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ ለምናወጣቸው ጥናቶች የሚከተለውን እናሳስባለን። ከፍታ ሲጻፍ ከየትኛው መነሻ እንደ ተለካ ይጻፍ፤ የሐይቁ ስፋት ሲጻፍ የተለካበት ወርና ዓመት፣ ደሴቶቹም መጨመር አለመጨመራቸው ይገለጽ፤ ከጫማ ወደ ሜትር የተለወጠ ቁጥር የተጠጋጋ ከሆነ የተጠጋጋ ይባል፤ በምንሠራቸውም ካርታዎች ላይ የሐይቁ ዳርቻ ቢያንስ በሁለት መስመር፣ ማለትም በጥቅምቱና በግንቦቱ ይሠመር፤ በመካከላቸው ላለውም መሬት ባሕር ሸሽ የሚለው ስም ይጻፍለት። መምህራኖቻችንም ይህ የጐደለበትን ወረቀት ሳያርሙ እንዲመልሱልን በትሕትና እንለምናለን።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለዋል። የጣናን ውሃ ለሚለካ ሰው ሁለቱም ምክሮች አንድ ናቸው።